በፍልሰታ ጠዋት የቆጠርሁት ጢስ

ቁርስ ሰው ያዋርዳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔን ያዋረደኝ ቁርስ ነው፤ ያውም በከንቲባው፣ በደብሩ አለቃና በከተማው ባለርስቶች ፊት። ዘመኑ ርቋል፤ ዛሬም ግን ዳቦ ስቆርስ እጄ ለአፍታ ቆም ይላል። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ!» እያለች ትስቅብኛለች። እናንተም መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ እንጂ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የዳባት ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያ ጭቃ ሹም ነበር፤ እኔን ግን ቄስ ይሆንልኛል ብሎ ጎንደር ለአንድ መሪጌታ ሰጠኝ። ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ጀምሬ፣ ከዚያ ሾልኬ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። ቁም ጽሕፈቴ ሸጋ ስለ ነበር ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቡናማ ካፖርት መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አሁን ብናገረው አላፍርም፣ ጾም መተው ነው። ፒያሳ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ጠዋት ጠዋት ወተትና ቅቤ የተቀባ ዳቦ አዘዝሁ ማለት ነው። ሠለጠንሁ ብዬ ነዋ!

በዚያ ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ታላቅ ነገር አሰበ። ከቁስቋም ግርጌ ባለው ዳገት ላይ ልብስ አጣቢው፣ ሸማኔው፣ የቀን ሠራተኛው በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ በኪራይ ይኖር ነበር። የመሬቱ ጌታ «ውጣ» ካለው ውጣ ነው፤ ክረምት ነው፣ አራስ አለች ብሎ ነገር የለም። በዚያ ዳገት መንገድ ሊወጣ ስለ ነበር ጎጆዎቹ ሊፈርሱ ነው። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ በምትካቸው ከፍ ብሎ የቆርቆሮ ቤቶችን በረድፍ ሠርቶ፣ በርካሽ ኪራይና በጽሑፍ ውል ሊሰጣቸው ቆረጠ። ውል! ተከራይ ውል የሚይዝበት ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኪራዩን እስከ ከፈለ ድረስ ማንም አያስወጣውም። ነገር ግን ቤቱ የሚሠራው በተቆጠረው ጎጆ ልክ ነው። ያልተቆጠረ መስከረም ሲጠባ ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ቆጣሪው እኔ ሆንሁ።

አለቃዬ አቶ መኮንን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «ጌታሁን፣ ቤት ለቤት ግባ። አንኳኳ። እያንዳንዱን ጎጆ በዚህ ንድፍ ላይ በነጥብ ምልክት አድርግ» አለና አንድ ትልቅ ወረቀት ሰጠኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ወተቴን ግጥም፣ ዳቦዬን ጥርግ አድርጌ ወጣሁ። ዳገቱ ሥር ስደርስ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ከየአጥሩ ውሻ ይጮኻል። ካፖርቴን አየሁት። ጭቃውን አየሁት። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የአገሩን ጎጆ የሚቆጥረው ጠዋት ተረተር ላይ ቁጭ ብሎ በጢስ ነበር። «ጎጆ ይደበቃል፣ ጢስ ግን አይደበቅም» ይል ነበር። እኔም ከቁስቋም ፍርስራሽ ግንብ ላይ ወጥቼ ካፖርቴን ሰብሰብ አድርጌ ተቀመጥሁና ቆጠርሁ። ሃያ ሦስት ጢስ። ሃያ ሦስት ነጥብ። ከአራት ሰዓት በፊት ቢሮ ተመልሼ ወረቀቱን ሳስረክብ አቶ መኮንን «ፈጣን ነህ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ምክር ቤቱ የተጠራው ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የጸደቀውን ዕቅድ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ደግሞ ልክ በስድስት ሰዓት ይነሳል። በክረምት ሌላ መኪና መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

ዓርብ ለሁለት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው እትዬ ጥሩወርቅ የታጠበ ሸሚዜን በነጠላዋ ሸፍና ከቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ልብሴን የምታጥብልኝ እሷ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አጭር፣ ድምፅዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት። የምትኖረው እዚያው ከቁስቋም ግርጌ ነው።

«ጌታሁን ልጄ፣ ቤት ሊሠሩልን ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ። ዛሬ ይጸድቃል። የቆጠርሁትም እኔ ነኝ» አልሁ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «ሃያ ሦስት ቤት።»

«ስንት?»

«ሃያ ሦስት።»

ሸሚዜን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ሃያ ሦስት ከኔ ደጃፍ እስከ ወንዙ ብቻ አለ! ምነው? መቼ መጥተህ ነው የቆጠርኸን? ያየህ ሰው የለም።»

«ማክሰኞ ጠዋት። ከግንቡ ላይ ሆኜ በጢስ ነው የቆጠርሁት።»

በጣቷ ቀን ቆጠረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማክሰኞ ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር» አለች። «በፍልሰታ ጠዋት እሳት የሚያነድ ማን ነው? ሴቱ ሁሉ ከደጀ ሰላም ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ ምድጃ የሚነካ የለም። ያየኸው የኔን ልብስ ማፍሊያ፣ የአንጥረኛውን ከውር፣ የአራሷንና የበሽተኛውን እሳት ነው።» ደግሞ ጠጋ አለችና ከጉሮሮዬ እስከ ሆዴ ቃኘችኝ። «አንተ የመሪጌታ ተማሪ! ይኸን እንዴት ረሳኸው? ምን በልተህ ነበር?»

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

«እትዬ፣ አንቱስ ከሃያ ሦስቱ ውስጥ ነዎት» አልሁ።

«እኔስ ልሁን! ጎረቤቴስ? ከኔ ጋራ ያለቀሰው፣ ባሌን የቀበረልኝ ሰው በመስከረም ወዴት ይሂድ?»

ወደ አቶ መኮንን በረርሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፊቱ አመድ መሰለ። «ወረቀቱ ተፈርሞ ከከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስብሰባው አንድ ሰዓት ቀርቶታል። እንደገና ልትቆጥር ነው? ቀኛዝማች ደረሶ ይህን ቀዳዳ ካገኘ ዕቅዱን ከነሥሩ ያስጥለዋል» አለኝ። ቀኛዝማች ደረሶ የዚያ ዳገት መሬት አብዛኛው የሱ ነው። ማዘጋጃ ቤት ርካሽ ቤት ባከራየ ቁጥር የሱ ተከራይ ይቀንሳል።

ስመለስ እትዬ ጥሩ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃለች። «ከዚህ ሰገነት ላይ ሰፈራችን ይታያል?»

«ይታያል።»

«እንግዲያስ በጢስ ተቆጥረን ከቀረን፣ በጢስ እንቆጠራ! እሳት ማንደድ ጾም አይሽር። አንተ ሰዎቹን ሰገነት ላይ አውጣልኝ፤ ሌላውን ለኔ ተወው» አለችና ደረጃውን ወረደች። በዚያ ዕድሜዋ እንዲህ ትሮጣለች ብዬ አላስብም ነበር።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አዳራሹ ጣሊያን ትቶት በሄደው ፎቅ ላይ ነው። ከንቲባው መካከል፣ በቀኙ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ የደብር አለቃ፣ በግራው ቀኛዝማች ደረሶ፣ ዙሪያውን ሌሎቹ። እኔ ከአቶ መኮንን ኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ። አቶ መኮንን አነበበ፤ ሃያ ሦስት ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ።

«ሸጋ ቁጥር ነው» አለ ቀኛዝማች። «እናጽድቀውና እንሂድ።»

ከንቲባው ብዕሩን አነሳ። እኔም አፌ ከኔ ቀድሞ፣ «ጌታዬ፣ ቁጥሩ ስሕተት ነው!» አለ።

ሁሉም ዞሩ። «ማን ነው?» አለ ከንቲባው።

«የቆጠርሁት እኔ ነኝ ጌታዬ። ቤት ለቤት አልገባሁም። በጢስ ነው የቆጠርሁት።»

«አባቶቻችንስ በጢስ ይቆጥሩ የለ? ምኑ ነው ስሕተቱ?»

«ማክሰኞ ጠዋት ነበር።»

አለቃው በእጃቸው የያዙትን መቁጠሪያ አቆሙ። «የዚህ ሳምንት ማክሰኞ? በፍልሰታ ጠዋት? ልጄ፣ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እንዴት ዘነጋኸው?»

ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? «ተሳሳትሁ» ብዬ ባልፍስ? ግን የእትዬ ጥሩ ዓይን ከግድግዳው ላይ የሚያየኝ መሰለኝ። «እኔ ራሴ በልቼ ነበር አባቴ» አልሁ። «ወተትና ቅቤ። የጠገበ ሰው ጾም መሆኑን በምን ያስታውሰዋል?»

አንዱ ሳል ያዘው። አንዱ አማተበ። ቀኛዝማች ከወንበሩ ብድግ አለ፦ «ሰማችሁ? ጾሙን ያልጠበቀ ቃሉን ይጠብቃል? ይህን አስወጡልኝና እናጽድቅ!»

«ቆይ ደረሶ» አሉ አለቃው። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ለመብላትህ የንስሐ አባት አለህ፤ እዚያ ትናገራለህ። እዚህ የምትጠየቀው ስለ መቁጠርህ ነው። ትክክለኛው ስንት ነው?»

«አላውቅም አባቴ። ግን ሰገነቱ ላይ ቢወጡ ሰፈሩ ራሱ ይነግርዎታል።»

ከንቲባው ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ተነሣ። ወንበሮች ተንኳኩ። ሁላቸውም ወደ ሰገነቱ ወጡ።

አንባቢዎቼ፣ ዳገቱ ላይ ጉም ብቻ ነበር። አንድ ጢስ የለም፤ አንድም! ማክሰኞ ያየኋቸው ሃያ ሦስቱ እንኳ የሉም። ከአዘዞ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነው። ዝናብ ከቀደመ አለቀልን።

«ታዲያ?» አለ ቀኛዝማች። «ሰፈሩ ምን አለህ? ሃያ ሦስቱም በዛ እኮ! ዜሮ ብለን እንጻፍ?» ሌሎቹ ሳቁ። እኔ የሰገነቱን ብረት ጨብጬ፣ የረሳሁትን ውዳሴ ማርያም ከመካከሉ ጀምሬ እየደገምሁ ነበር። ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ መለሰ።

«አዩ!» አለ አቶ መኮንን።

ከወንዙ ዳር አንድ ቀጭን ጢስ ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ። ቀጥሎ ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ሦስት ባንድ ጊዜ! አለቃው መቁጠሪያቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፦ «አሐዱ… ክልኤቱ… ሠለስቱ… አርባዕቱ…» ጢሱ ከታች ወደ ላይ፣ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ፣ አንድ ሰው እየሮጠ የሚለኩሰው ይመስል ዳገቱን ይወጣል። ርጥብ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጢሱ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ። እኔ ነጥብ የሌለበት አዲስ ንድፍ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አለቃው አንድ ፍሬ ባሳለፉ ቁጥር አንድ ነጥብ አደርጋለሁ። ማን እንደ ጀመረው አላውቅም፣ የምክር ቤቱ ሰዎች ሁሉ እንደ ልጅ «እዚያ! ከሾላው በታች! ያውና ሌላ!» እያሉ በጣት ይጠቁማሉ። አንዱማ ባርኔጣው ወደ መንገድ ወደቀበት፤ ዞሮ አላየውም።

«መቁጠሪያዬ አለቀ!» አሉ አለቃው። አርባ አንድ ፍሬ ነው። «እንደገና እጀምራለሁ፤ አሐዱ…»

ሁለተኛው ዙር ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ስልሳ ሰባት! ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ግን ተቆጥሯል። ቀኛዝማች «ባንድ ጎጆ ሁለት ቦታ አንድደው ቢሆንስ?» ቢል፣ አለቃው «በፍልሰታ ዓርብ ሴቱ ይዋሻል እያልህ ነው?» ብለው አዩት። ተቀመጠ። ከንቲባው ስልሳ ሰባት ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። እኔ ማኅተሙን እንድመታና ፖስታውን እንዳሽግ ታዘዝሁ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! እያሸግሁ የእትዬ ጥሩን ነጥብ በንድፉ ላይ ልሳማት ፈለግሁ። ጎጆዋን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፤ ከሾላው አጠገብ፣ በበርሜል ቆርቆሮ የተጠገነ ጣሪያ። ከሾላው በታች ነጥብ አለ። ከላይ አለ። የሷ ቦታ ግን ባዶ ነው።

ወደ ሰገነቱ ሮጥሁ። ዝናቡ አባርቷል። የቆርቆሮ ጣሪያዋ ርሶ ያብረቀርቃል። ጢስ የለውም። ያኔ ገባኝ። ያን ዓርብ የማክሰኞው እሳት ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ ለልብስ ውሃ ያፈላችበት ፍም የቀራት እሷ ብቻ ናት። ሰፈሩ ሁሉ እሳት የጫረው ከሷ ምድጃ ነው። ፍሟንም ኩበቷንም አድላ ጨርሳለች። በተሳሳተው ቁጥር ውስጥ ነበረች፤ በትክክለኛው ወጣች።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ከንቲባው ካባውን ለብሶ ደረጃ ላይ ነው፤ አለቃውና ቀኛዝማችም አብረው። ፖስታውን ቀድጄ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው።

«አንድ ይጨምሩ ጌታዬ!»

«ደግሞ ምን በላህ?» አለ ቀኛዝማች።

«ጢስ አየህ?» አለ ከንቲባው።

«አላየሁም። ጢስ የሌላት፣ ለሌላው ሁሉ እሳቷን ስለ ሰጠች ነው። ያያችሁት ጢስ ሁሉ የሷ ነው። ልብሴን የምታጥብልኝ ሴት ናት፤ መጀመሪያ ስሳሳት የተቆጠረችው፣ ዝም ብትል ቤት የምታገኘው እሷ ነበረች። ዝም አላለችም።»

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። አለቃው መቁጠሪያቸውን አወጡና ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን የእንጨት መስቀል በጣታቸው ያዙ። «ፍሬዎቹን ለጢሱ ቆጥሬያለሁ» አሉ። «ይህቺን ለእሳቷ ቁጠርልኝ።» ከንቲባው ብዕሬን ከእጄ ወስዶ፣ ሰባትን ሰርዞ ስምንት አደረገና ከጎኑ ፈረመ። ወረቀቱን ለሾፌሩ የሰጠሁት መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ በመስኮት ነው።

ያን ዳገት በካፖርቴ፣ በጭቃው፣ በውሾቹ መካከል ሮጬ ወጣሁት። እትዬ ጥሩ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ፣ በእጇ ፍም ያመላለሰችበትን ገል እንደ ያዘች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«ስልሳ ስምንት!»

ግንባሯን ቋጠረች። «አይሆንም። እሳት የሰጠሁበትን ደጃፍ ቆጥሬያለሁ፤ ስልሳ ሰባት ነው። ደግሞ ተሳሳትህ! አንዱ ማን ነው?»

«አንቱ ነዎታ እትዬ!»

ወደ ምድጃዋ ዞራ አየች። ቀዝቃዛ አመድ ነው። «አይ የኔ ነገር» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሲዞር እኔም አብሬ አለቀስሁ።

ቤቶቹ በሦስተኛው ዓመት አለቁ፤ እስከዚያ የተቆጠረው ከጎጆው አልተነካም። ጭቃ ግድግዳ፣ ክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮ፤ ያማረ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ስልሳ ስምንት ሰው ውል ያዘ፣ ማንም «ውጣ» አላለውም። እኔም ከዚያ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ብዙ ዘመን ስሠራ ሰውን ከሩቅ ቆጥሬ አላውቅም። ውሻ ነክሶኛል፤ ጭቃ ካፖርቴን በልቶታል። አባቴ ጢስ አይደበቅም ማለቱ ልክ ነበር፤ ሰውየው ግን ከጢሱ ሥር ሊደበቅ ይችላል፤ ያንን ለማወቅ ደጁ መድረስ አለባችሁ። ወንበር ላይ ያላችሁ ካላችሁ ይህን ከኔ ውሰዱ፤ የተቀረውን ሳቁበት።

እትዬ ጥሩ አዲሱ ቤቷ የገባች ዕለት ልጎበኛት ሄድሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልገባ ስል ስታየኝ ብድግ ብላ ፊቴ ላይ ዘጋችው። ገባኝ። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«የማዘጋጃ ቤቱ ቆጣሪ ነኝ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው። ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም እትዬ።»

«እንግዲያስ ግባ፤ ቁጠረኝ» አለችና ከፈተችልኝ።